ለማይታወቅ ሰው የተተወ ብረት

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ አዋሽን መልካሳ ላይ ተሻግሮ፣ ግራር የበቀለበትን ደረቅ ሜዳ አቋርጦ ደራ ይደርሳል። ከደራ በኋላ ሽቅብ ነው፤ ኢተያ፣ ጎንዴ፣ አሰላ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አሰላ ወደ 2,400 ትጠጋለች። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና ጉዱ የሚታየው እዚህ ዳገት ላይ ነው። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ይረግጣል፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው "ሞተሩ አርጅቷል" ይላል። አርጅቶም ይሆናል። ነገር ግን ያ ሞተር አዲስ ሆኖ ከነላስቲኩ ቢመጣም ይህን ዳገት በሙሉ አቅሙ አይወጣውም ነበር። የተነደፈው ለሌላ አየር ነውና።

ላዳን እንውሰድ። በደርግ ዘመን ገብታ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያረጀችው ላዳ የጣሊያኗ ፊያት 124 ቅጂ ናት። ፊያት 124 በ1966 እ.ኤ.አ. ወጣች፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቮልጋ ዳር በተተከለው የቶሊያቲ ፋብሪካ የሶቪየቷ ላዳ መመረት ጀመረች። የፊያት አገር ቶሪኖ ከባሕር ጠለል በ240 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ቶሊያቲ ከዚያም ታንሳለች። የመጀመሪያዋ ላዳ ሞተር አራት ሲሊንደር አለው፤ የአንዱ ሲሊንደር ስፋት 76 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 66 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 1,198 ሲሲ፣ ጉልበቱም ከ60 ጥቂት ያለፈ የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ ሁሉ ቁጥር የወፍራም አየር ቁጥር ነው። አዳማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ አሰላ ላይ ሩብ ያህሉ የለም። ሞተር የሚስበው አየር ባነሰ መጠን የሚያቃጥለውም ያንሳል። ስለዚህ ላዳዋ አሰላ መግቢያ ስትደርስ፣ አንድ ቡሎን እንኳ ሳይላላባት፣ ከ50 የፈረስ ጉልበት በታች ሆናለች።

እንግዲህ ሰው ምን ያድርግ? ገንዘብ ያለው መኪናውን ይቀይር ይባል ይሆናል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ግን ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ስለጣለ አሮጌን በሌላ አሮጌ መቀየር የሚያዋጣ ነገር አልሆነም። በሌላው ዓለም የላዳና የፊያት አፍቃሪ መጽሔት ገልጦ የተሳለ ካምሻፍት፣ ሰፋ ያለ ካርቡሬተር፣ ቀለል ያለ ፒስተን መርጦ ያዝዛል። እዚህ ያለው መፍትሔ ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ነው። ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይላጋል፤ ሲሊንደር ይሰፋል፤ የሌላ መኪና ካርቡሬተር በላዳ ላይ እንዲቀመጥ ከአሉሚኒየም ማገናኛ ይቆረጣል፤ ማርሚታ ይቀየራል፤ ፍላይዊል ይቀጥናል። የሚሠራው ሰው መሐንዲስ ተብሎ አይጠራም፤ የሚሠራውም ማሻሻያ ተብሎ አይመዘገብም። እኔ ግን እዚያ ቤት ውስጥ የሚደረገው ነገር፣ ስለ ዕውቀትና ስለ ኃላፊነት ብዙ መጻሕፍት የሚያልፉትን ጥያቄ እንደሚነካ ስለማምን ነው ይህን ሐተታ የምጽፈው።

በእነዚህ ከተሞች ቶርኖ የመጣው ለፍጥነት አይደለም። አዳማ አጠገብ የተተከለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር አገዳ የሚጨምቁት ሮለሮች እየተበሉ፣ ጥርሶች እየተሰበሩ፣ ኩሽኔታዎች እየነደዱ ነው የሠሩት፤ የስኳር ፋብሪካ ያለ ወርክሾፕ አንድ ወቅት አይዘልቅም። ከዚያ በፊት ደግሞ የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ላይ የራሱ ወርክሾፕ ነበረው። ከውጭ ዕቃ እስኪመጣ መጠበቅ በማይቻልበት ቦታ ሰው የተሰበረውን በእጁ ይዞ፣ የጎደለውን በዓይኑ ሞልቶ፣ ሌላ መሥራት ይማራል። ንድፍ ሳይኖረው የሚሠራ ሰው ደግሞ ንድፍ ይዞ የሚሠራው የማይማረውን አንድ ነገር ይማራል፤ የትኛው ልክ ቢሳሳት እንደሚገድል፣ የትኛው ደግሞ ነዳፊው እንዲያው ቁጥር መጻፍ ስላለበት ብቻ የጻፈው እንደሆነ። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ የእጅ ጥበብ የሚመለከተው ከሆነው በሌላ መልክ ሊሆን ይችል የነበረውን ነገር ነው ይላል። የፋብሪካ ዕቃ በሌላ መልክም ሊሆን ይችል እንደነበር የሚገባው፣ ዕቃውን ገዝቶ ከሚገጥመው ይልቅ ገበያ ላይ አጥቶት ራሱ ለሚሠራው ሰው ነው። ጉልበት የመጨመር ሐሳብም የሚወለደው ከጥገና ነው፤ አንድን ነገር እንደነበረ መመለስ የቻለ ሰው "እንደነበረ ለምን?" ማለት ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቶርኖ ቤት ውስጥ ጉልበት ይጨመራል ይባላል እንጂ ምንም ነገር አይጨመርም። ቶርኖ ሥራው መቀነስ ነው፤ ቢላዋው የነካውን ያነሳል እንጂ አይለጥፍም። ታዲያ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ከብረቱ ውስጥ። ፋብሪካው ሳይጠቀምበት ከተወው።

ሲሊንደሩን እንመልከት። 76 ሚሊ ሜትሩ ወደ 79 ሲሰፋ የሞተሩ ይዘት ከ1,198 ወደ 1,294 ሲሲ ያድጋል። ቶሊያቲ ራሱ ኋላ ላይ በዚሁ ስፋት ሌላ ሞዴል አውጥቷል፤ ስለዚህ ሐሳቡ የእብድ ሐሳብ አይደለም። ጭማሪው 8 በመቶ ነው። አዳማ ላይ አየሩ የወሰደው 18 በመቶ መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ ሁሉ ድካም ከተወሰደው ግማሹን እንኳ አይመልስም። ዋጋው ደግሞ አለ፤ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግድግዳ ከየጎኑ 1.5 ሚሊ ሜትር ሳስቷል። ያ ብረት ለምን ተቀምጦ ነበር? ውሃው ካለቀበት በኋላ ሁለት ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሾፌር። ብሎኩ ሲቀለጥና ሲፈስስ ውስጡ ያለው ቅርጽ ትንሽ ዘንበል ብሎ አንዱ ግድግዳ ከሌላው ቀጥኖ ሊወጣ ስለሚችል። ወደፊት አንድ ጊዜ፣ ምናልባትም ሁለት ጊዜ፣ በልኩ ተሰፍቶ በአዲስ ፒስተን እንደገና እንዲኖር። በአጭሩ፣ ለማይታወቅ ሰው የተተወ ብረት ነው።

ፋብሪካ ደንበኛውን አያውቀውም። ላዳ ስትመረት ነጂዋ በሳይቤሪያ ብርድ ይነዳታል ወይስ በአፋር ሐሩር፣ ዘይት በጊዜው ይቀይራል ወይስ እስኪጠቁር ይጠብቃል፣ አምስት ሰው ይጭናል ወይስ ዘጠኝ፣ የሚያውቅ አልነበረም። ነዳፊው ይህን ሁሉ አለማወቁን በብረት መልክ አስቀመጠው፤ እዚህ 1 ሚሊ ሜትር፣ እዚያ ጠንከር ያለ ስፕሪንግ፣ ወዲያ ዝቅ ያለ የዙር ወሰን። በሌላ አነጋገር፣ በሞተር ውስጥ ያለው ትርፍ የነዳፊው አለማወቅ ልክ ነው። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ የማያውቁትን እንደማያውቁ ተረድቶ ቦታ መተው ትልቅ ጨዋነት ነው። ፋብሪካው ሥራውን ፍጹም አድርጎ ይሠራል የሚለው እምነትም ቢሆን ጠጋ ሲሉት ይቀላል። የላዳ ፒስተኖች ሲወጡ አንድ ዓይነት ሆነው አይወጡም፤ ተለክተው በመቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት በአምስት ክፍል ይመደባሉ፣ ፊደል ይታተምባቸዋል፣ ከዚያ በልኩ ከሚስማማው ሲሊንደር ጋር ይጋባሉ። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የተደረገው በዚህ ማዛመድ ነው። ይህ ሥራ ቶርኖ ቤት ውስጥ ከሚደረገው በዓይነቱ የተለየ አይደለም፤ የተለየው በትዕግሥቱና በመለኪያው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ይመስለኛል። ትርፉ የአለማወቅ ልክ ከሆነ፣ ትርፉን ለመንካት መብት የሚኖረው የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለዚያውም ባወቀው ልክ ብቻ። ድፍረትም፣ ችሎታም፣ የመሣሪያ ጥራትም ይህን አይተኩም።

ይህን ያስተማረኝ አዳማ ውስጥ የሰማሁት አጭር ንግግር ነው። አንድ ጎልማሳ ባለላዳ ቴስታታውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ፣

"ጋሼ፣ ይቺን ትንሽ ይላጉልኝ፤ ዳገት እምቢ አለችኝ" አለ።

ሽማግሌው ባለ ቶርኖ ቴስታታውን ሳይነኩ፣ "መኪናው የት ነው የሚውለው?" አሉት።

"ከአዳማ አሰላ።"

"ሌላ ቦታስ?"

"አንዳንዴ መተሐራ እወርዳለሁ።"

"እንግዲያው ግማሽ ሚሊ ይበቃታል። አንድ ሙሉ አላነሳልህም።"

ሰውየው ቅር አለው። አንድ ሚሊ ሜትር የተላገለት ጓደኛ ነበረዋ።

እኔ ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። የዚያ ሞተር የመጭመቅ ልክ 8.5 ለ1 ነው፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የገባውን አየርና ቤንዚን 8.5 ጊዜ ያጠብበዋል ማለት ነው። የማቃጠያ ክፍሉን አፍ እንደ ሲሊንደሩ ሰፊ አድርገን ብንቆጥረው፣ ከቴስታታው አንድ ሚሊ ሜትር ሲነሳ ልኩ 9.4 ገደማ ይደርሳል። በባሕር ዳርቻ ይህ በተራ ቤንዚን አደገኛ ወደሆነው ጠርዝ መጠጋት ነው፤ ድብልቁ ካንዴላው ሳያዘው በራሱ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ የፒስተኑ ራስ ይበላል። አዳማ ላይ ግን አየሩ ሲገባም ቀጭን ስለሆነ፣ 9.4 ጊዜ ተጨምቆ እንኳ የሚደርስበት ግፊት ያልተነካው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚደርስበት በ7 በመቶ ገደማ ያንሳል። ከፍታው ራሱ ትርፍ ትቷል፤ ነዳፊው ያላሰበው፣ የቦታው ስጦታ የሆነ ትርፍ። ወደ አሰላ ሲወጡ ይኸው ትርፍ ይጨምራል።

መተሐራ ግን ወደ 950 ሜትር ዝቅ ይላል። እዚያ የአንድ ሚሊ ሜትሩ ቴስታታ ግፊት ከፋብሪካው የባሕር ዳርቻ ግፊት ጥቂት ያልፋል፤ የዚያ አገር ሙቀት ሲጨመርበት ማንኳኳቱ የሚጀምረው እዚያው ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲላግ ደግሞ መተሐራ ላይም ቢሆን ከወሰኑ በታች ይቀራል። ሽማግሌው ይህን ሒሳብ አልሠሩም። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) እና የተቦረቦረ ፒስተን ሲያዩ ኖረው፣ የትኛው ከየትኛው መንገድ እንደተመለሰ ጠይቀው ነው እዚያ የደረሱት። ጥያቄያቸውም ስለ ብረቱ አልነበረም፤ ስለ ቦታው ነበር። ነዳፊው ሊያውቀው ያልቻለውን በአንድ ጥያቄ አወቁት፤ ባወቁት ልክም ግማሽ ሚሊ ሜትር አነሱ።

ከአንድ ሚሊ ሜትሩ የሚገኘው ጉልበትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከ3 ወይም ከ4 በመቶ አያልፍም። ባለላዳው ቢያውቀው ያዝን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አርሲ ሯጮች ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ መንገዱ ራሱ ወደነሱ የሚወስድ ነውና። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ ናቸው፤ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እነሱም የኖሩት በዚያው በቀጠነ አየር ነው። ሲወርዱ ግን አላንኳኩም። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሕር ዳር ባለችው ባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤትም ሆነች። ሰውነት ደሙን ለደጋው ያበዛል፤ ቆላ ሲወርድም ያ ደም ትርፍ ሆኖ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ሰንብቶ ደግሞ ራሱ ይቀንሰዋል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ግን ያለበትን አያውቅም። ለደጋ የተደረገለት ነገር ቆላ ላይ በሽታ ይሆንበታል። እንዲያውቅ የሚያደርገው የሰው እጅ ብቻ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ጋራዥ ቀርቷል፤ ከመኪናው ጋር አልወረደም።

ካርቡሬተሩ ራሱ የዚህ አለማወቅ ዋና ምሳሌ ነው። አሠራሩ የተመሠረተው ጣሊያናዊው ቬንቱሪ በ1797 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ምልከታ ላይ ነው፤ የሚፈስ ነገር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ በፈጠነበትም ቦታ ግፊቱ ይወርዳል። አየሩ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ሲያልፍ በሚፈጠረው የግፊት መውረድ ቤንዚኑ ከጎድጓዳው በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣል። ቀዳዳው የሚሰማው የአየሩን ፍጥነትና ግፊት ነው፤ ክብደቱን በትክክል አይለካም። አየሩ ሲቀጥን ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ባነሰ መጠን ነው። አዳማ ላይ ድብልቁ 10 በመቶ ገደማ ይበለጽጋል። ጥቁሩ ጭስ፣ ካንዴላው ላይ የሚጋገረው ጥቀርሻ፣ ሚኒሞ ላይ የሚንገዳገደው ሞተር፣ ከዚህ የመጣ ነው።

መፍትሔው ቀዳዳውን ማጥበብ ነው። የእነዚህ ቀዳዳዎች ልክ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ 135 የተጻፈበት ወደ 128 ቢወርድ የባሕር ዳርቻው ድብልቅ አዳማ ላይ ይመለሳል። ጉልበት ይጨምራል፤ ቤንዚን ይተርፋል፤ ዋጋው ከሻይ ብዙም አይርቅም። ይህን ነገር ግን የሚጠይቅ ደንበኛ የለም ማለት ይቻላል። ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀው እንዲሰፋለት ነው። "ብዙ ቤንዚን ብዙ ጉልበት" የሚለው ስሕተት በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ባይጻፍም በየሰዉ ልብ ተጽፏል፤ ቀዳዳውን በሽቦ ፍቆ ያሰፋ ልጅም ጥሩ መካኒክ ተብሎ ይመሰገናል። እኔ የዚህን ያህል የሚያናድደኝ ነገር ጥቂት ነው። በመጨመር ብቻ የሚያምን ሰው፣ ከሁሉ የተሻለው የጉልበት ዕቃ ያነሰ ቀዳዳ መሆኑን መቀበል አይችልም። የተበላሸውን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በቀጭን ትራፓኖ እንደገና የሚበሳ አዋቂ አለ፤ የሚሠራው ሥራ ዓይን የማይሞላ ስለሆነ ግን የሚከፈለው ከሚያሰፋው ያነሰ ነው።

ሁሉም ትርፍ ግን ከቦታ የሚመጣ አይደለም። ፍላይዊል ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ጋር የሚዞር ከባድ ብረት ነው፤ ዙሪያውን በቶርኖ ማቅጠን ሞተሩን በነዳጅ ንክኪ ፈጣን ያደርገዋል። ሾፌሩ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያ ክብደት የሚጠቅመው ከቆመበት ለመነሣት ነው፤ የተጫነ መኪና ዳገት ላይ ሲነሣ በሚዞረው ብረት ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት ነው የሚያንቀሳቅሰው። ከቀጠነ በኋላ ሾፌሩ ሞተሩን ማስጮህና ፍሪሲዮኑን ማንሸራተት አለበት፤ ፍሪሲዮን ደግሞ ያልቃል። ትርፉ ከሞተሩ ተወስዶ ፍሪሲዮን ላይ ተቆረጠ። ከዚህ የባሰው የዙር ወሰንን ማለፍ ነው። ያች ላዳ ጉልበቷን የምትሰጠው በደቂቃ 5,600 ዙር ላይ ነው። 7,000 ላይ ስትደርስ ቢዬላዋን (የፒስተኑን ዘንግ) የሚጎትተው ኃይል 25 በመቶ ጨመረ የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ኃይሉ ግን በዙሩ ካሬ ልክ ስለሚያድግ 56 በመቶ ነው የጨመረው። ይህ ቦታ አይመርጥም፤ ደራም አሰላም ቶሊያቲም ያው ነው። በዚህ ነገር ውስጥ ባለ ቶርኖው ከነዳፊው የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ በእኔ ፍርድ እጁን መሰብሰብ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ብረት የሚሠራ ሰው በእኛ አገር ረጅም ጊዜ በጥርጣሬ የታየ ነው። በአርሲና በስምጥ ሸለቆው ኦሮሞ ዘንድ ቱምቱ የሚባሉት አንጥረኞች ከሌላው ተለይተው የኖሩ ናቸው፤ በሰሜኑም ቀጥቃጭ ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም ነው፤ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። ዛሬ ያ ጥርጣሬ ተገልብጧል። ደንበኛው ባለ ቶርኖውን ከልክ በላይ ያምነዋል። ምን እንደተነሣ፣ ስንት እንደተነሣ፣ ስንት እንደቀረ አይጠይቅም፤ ወረቀትም አይሰጠውም። መፍራትም ማመንም ሥራውን ካለማየት ነው የሚመጣው።

ይህ ሁሉ ሊያልፍ የተቃረበ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ አግዷል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ከደራ ተነሥቶ አሰላ ሲደርስ ከፍታው አንድም የፈረስ ጉልበት አይወስድበትም። የቴስታታው ሒሳብ በሙሉ ትርጉም ያጣል። ትርፉ ግን አልጠፋም፤ ነዳፊው አሁንም ነጂውን አያውቀውም። ከባትሪው የተወሰነው ክፍል እንዳይነካ ሆኖ በሶፍትዌር ይዘጋል፤ ስንት እንደተዘጋ በካሊበር አይለካም። አዳማ ላይ "የት ነው የሚውለው?" ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቢኖር እንኳ፣ መልሱን ሰምቶ የሚያደርገው ነገር አይኖርም።

እስከዚያ ግን አሮጌዎቹ አሉ፤ ከእጅ ወደ እጅም ይሸጣሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ባለ ቶርኖው ባለላዳውን አወቀው፤ መንገዱን አወቀ፤ ባወቀው ልክ ላገ። መኪናው ሲሸጥ ግን ያ ዕውቀት አብሮ አይሸጥም። ገዢው የመተሐራ ሰው ይሆናል፤ ወይም ከዚያም ወርዶ ሰመራ ይሠራባታል፤ 430 ሜትር ገደማ ላይ፣ እንደ ጓደኛው አንድ ሚሊ ሜትር የተላገ ቴስታታ ከሆነ፣ ግፊቱ ከፋብሪካው ወሰን በ8 በመቶ ያልፋል። ሊብሬው ላይ ግን 1,198 ሲሲ ይላል፤ ሲሊንደሩ ተሰፍቶ 1,294 ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለታክስ ቢሮ ልዩነቱ ምንም አይደለም፤ ሁለቱም ከ1,300 በታች ናቸው። ለገዢው ግን የሌለ ብረት እንዳለ ሆኖ ተሽጦለታል። ለማይታወቅ ሰው የተተወውን ብረት የታወቀው ሰው ወሰደው፤ ያ የማይታወቀው ሰው ደግሞ በመጨረሻ መጣ፤ የመጣውም ገዢው ነው።

ሞተር የሚያድሱ ጥሩ ሬቲፊካ ቤቶች ክራንክሻፍት ሲልጉ አዲሱን ልክ ብረቱ ላይ ያትማሉ። ይህ ልማድ ወደ ቴስታታና ወደ ብሎክ ቢሻገር ምንም አይከብድም፤ የቁጥር ማኅተምና መዶሻ በየቤቱ አለ። የተነሣው ሚሊ ሜትር፣ የሲሊንደሩ አዲስ ስፋት፣ የተሠራበት ዓመት። ቦታውም ቢጨመር፣ "አሰላ" ተብሎ። ወርቃማ ሥራ ሠርቻለሁ የሚል ባለሙያ የሠራውን ለመጻፍ ምን ያስፈራዋል? ከአሥር ዓመት በኋላ ሰመራ ላይ ቴስታታውን የሚያወርደው መካኒክ ያንን ቁጥር አንብቦ ወፍራም ጓርኒሲዮን ይገጥምለታል፤ ወይም ገዢውን "ይህች መኪና ለዚህ አገር አይደለችም፤ ቴስታታዋን ቀይርላት" ይለዋል።